ጉትቻ ያደረገው ጅብ፦ የጎጃም አስፈሪ ፊልም ማንን ያስፈራ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አላደገም። ገበሬው ሌሊት በረቱን የሚዞር ጅብ በጦር ይወጋል። ጅቡ ቆስሎ ያመልጣል። ሲነጋ ገበሬው የደሙን ዱካ እየተከተለ ይሄዳል። ዱካው ግን ወደ ጫካ አይገባም። መንደር ዳር ላይ ለብቻዋ ወደቆመች ጎጆ ይወስደዋል። ጎጆዋ የብረት ቀጥቃጩ ናት። ቀጥቃጩ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ጭኑ ላይ ትኩስ የጦር ቁስል አለ። በሌላው አተራረክ ደግሞ ጅቡ እዚያው ይገደልና ጆሮው ላይ ጉትቻ ይገኛል።

ታሪኩ የጎጃም ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ከእሱ በኋላም ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከዚሁ ዘር የሆኑ ታሪኮችን መዝግበዋል። ከሰሜን እስከ ጎጃም ተረቱ አንድ ነው፤ ወንዙና መንደሩ ብቻ ይቀየራል።

እስቲ ይህን በፊልም ሠሪ ዓይን እዩት። የሚያስፈልገው አንድ በረት፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ ሌሊትና ሦስት ተዋናይ ነው። ጅቡ መታየት የለበትም፤ ድምፁ ይበቃል። ጨለማ አይከራይም። ቡሬ ዙሪያ ማታ የሚሰማው የጅብ ጩኸት ለየትኛውም ስቱዲዮ አይከፈልበትም። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ የፍቅር ፊልም መኪና፣ ቪላ፣ የሠርግ አዳራሽና ታዋቂ ተዋናይ ሲፈለግ፣ ይኸኛው የሚጠይቀው ፋኖስ ነው።

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም፤ በዓለም ላይ ደጋግሞ የሆነ ነገር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተቀረጸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሜሪላንድ ጫካ ውስጥ፣ በስምንት ቀን፣ ካሜራውን ራሳቸው ተዋናዮቹ ተሸክመውት ነው። ቀረጻው የፈጀው ገንዘብ ከ60 ሺህ ዶላር እንደማይበልጥ ይነገራል፤ ያስገባው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነው። ተመልካቹ ጠንቋይዋን አንድም ጊዜ አያያትም። ናይጄሪያ ውስጥ ኖሊውድ የሚባለውን ዘመን ከፈተ የሚባለው የ1992ቱ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ሚስቱን ለገንዘብ መሥዋዕት ያደረገ ሰው ታሪክ ነው፤ በቪዲዮ ካሴት ተሠርቶ በገበያ መደብ ላይ ተሸጠ። ካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠራ የተባለ የድብድብ ፊልም ዓለምን ዞሯል። ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት እንግዲህ እስከተወሰነ ድረስ ብቻ ነው የሚያስኬደው።

የአማርኛ ፊልም ግን ወደዚህ አልመጣም። ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዲጂታል ካሜራ ሲገባ አዳራሹን የሞላው «የፍቅር ፊልም» እና «አሳቂኝ የፍቅር ፊልም» ነው፤ «ልብ አንጠልጣይ» የሚባለው ዘርፍም ቢሆን ሽጉጥና ክህደት እንጂ ሌሊትና ተረት አልያዘም። ገጠሬው ፊልም ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው ለማሳቅ ነው፤ በአነጋገሩ፣ በቁምጣው፣ ሊፍት አይቶ በመደንገጡ። ልዩነቶች አሉ። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» የጣና ዳር መንደርን በቁም ነገር ይዞታል፤ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉት ልጆች ከየትኛውም የጭራቅ ታሪክ ይልቅ ያስፈራሉ። ሞገስ ታፈሰ በ«ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የድሮ ሥርዓት አንሥቶ ገጠርና ያለፈ ዘመን ተመልካች እንደማያጡ አሳይቷል። ሁለቱም ግን አስፈሪ ፊልም ሊሆኑ አልተነሡም።

ታዲያ ሰው መፍራትን አይወድም ማለት ነው? እንዴት ተደርጎ! ዩቲዩብን የከፈተ ያውቀዋል። ጥቁር ምስል ላይ ድምፅ ብቻ ተጭኖ የሚተረኩ «እውነተኛ አስፈሪ ታሪኮች» አሉ። ከእነሱም በላይ የሚታየው ሌላ ነው፤ ጠበል ቦታ ላይ በስልክ የተቀረጸ ሰው ሲጮኽ፣ ሲንፈራገጥ፣ ሲለፈልፍ የሚያሳየው ቪዲዮ። ርእሱ ሁልጊዜ ይጮኻል፦ «ጉድ ነው!»፣ «ቡዳው ተናገረ!»፣ «እስከ መጨረሻው ይመልከቱ!»

ነገሩን በስሙ እንጥራው። የኢትዮጵያ ርካሹ አስፈሪ ፊልም ይህ ነው። ተዋናይ አይከፈለውም፤ ምክንያቱም ተዋናይ አይደለም፤ የታመመ ሰው ነው። ፊቱ አይሸፈንም። ከዓመት በኋላ ድኖ ሥራ ሲፈልግ ቪዲዮው ቀድሞት ይደርሳል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ለጋብቻ በታጨች ቀን የአማች ወገን ስልክ ላይ ይገኛል። ጠበሉንና ጸሎቱን መንቀፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አይነሣም። ካሜራው ግን ጠበል አይደለም። የሰው ስቃይ ለጠቅታ ከሚሸጥ፣ ፈቃደኛ ተዋናይ ፊቱን አመድ ቀብቶ ቢጮኽ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስለዚህ የሚሠራ ፊልም ካለ ከምን ይሠራ?

ጭራቅ አለ፤ እናት ልጇን የምታስፈራራበት፣ ሰው የሚበላው። ጭራቅ ግን አሁን አሁን ለሕፃናት ብቻ የቀረ ይመስላል፤ የተረት መጽሐፍ ሥዕል ሆኖ ለምዷል። ዛር አለ፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ ሲያጠናው፣ በኋላ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዛር ሥርዓት ከቲያትር ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ነበር የጻፈው። የቀትር ጋኔን፣ የወንዝ ጋኔን አለ፤ እኩለ ቀን ላይ ብቻውን ወደ ወንዝ የወረደ ልጅን የሚጠብቀው። እዚህ ላይ ለፊልም ሠሪ አንድ ስጦታ አለ። የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም በአብዛኛው በሌሊት ነው፤ የጎጃም ገጠር ግን ቀትርንም ይፈራል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በቆሎው መሐል ንፋስ ጠፍቶ፣ ወፍ ጸጥ ሲል የሚመጣውን ፍርሃት ማንም ገና በካሜራ አልያዘውም።

ከሁሉም የበለጸገችው ግን ወርዝልያ ናት። ድርሰቷ ብራና ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ወርዝልያ የጨቅላ ሕፃናትን ሕይወት የምትቀጥፍ ናት። የሱስንዮስን ልጅ ትገድላለች፤ እሱም ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ያሳድዳታል፤ በመጨረሻ ይወጋታል፤ ስሙ በተጠራበት እንደማትደርስም ትምላለች። በአንዳንዱ ቅጂ ወርዝልያ የገዛ እህቱ ናት። እህቱ! የትኛውም የሆሊውድ ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ ሌሊቱን አይተኛም።

ይህ ጸሎት የሚጻፍበት ክታብ ራሱ ለፊልም የተሠራ ዕቃ ይመስላል። ብራናው ተሰፍቶ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይረዝማል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። የባለቤቷ የክርስትና ስም በመሐሉ ይገባል። ዓይን፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ጠልሰም ይሣልበታል። ብዙዎቹ ዛሬ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መስታወት ውስጥ ናቸው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው ደብተራዎች ምን ያህሉን እንደጻፉ የሚናገር የለም፤ የደብተራው ስም ከክታቡ ላይ አይገኝማ።

ከወርዝልያ ጎን ሾተላይ አለች። ልጅ በተከታታይ የሞተባት ሴት ሾተላይ ናት ይባላል። ዛሬ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ፤ የእናትና የፅንስ ደም በአርኤች አለመስማማት ማለት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የእናትየው ሰውነት ግን ይዘጋጃል፤ የሚቀጥለውን ፅንስ ደም ያጠቃል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መከላከያ መርፌ አለው። አንድ ፊልም ሠሪ ይህን ቃል ብቻ ይዞ ቢነሣ ይበቃዋል። አዲስ የተመደበች አዋላጅ፣ ከመንገድ የራቀ ጤና ጣቢያ፣ አንገቷ ላይ ክታብ ያሰረች ነፍሰ ጡር፣ በዝናብ የተዘጋ መንገድ፣ ከቡሬ ያልደረሰ መርፌ። ጋኔን መኖር አለመኖሩን ፊልሙ መናገር አያስፈልገውም። ሁለቱም ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ በራፉን ያያሉ።

እንግዲህ ወደ ቡዳ። ወጣት ፊልም ሠሪ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም የሚታወቀው፣ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። ተረቱም ያለቀለት ነው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። ዓይኑ የበላው ይከሳል፣ ይታመማል። የሞተውን ከመቃብር አውጥቶ አገልጋይ ያደርገዋል ይባላል። የታመመው ጭስ ይታጠንና ይለፈልፋል፤ «ማን በላህ?» ሲባል ስም ይጠራል።

ችግሩ እዚህ ስም ላይ ነው። ድራኩላ ቡሬ ገበያ ወጥቶ እንስራ አይሸጥም። ዞምቢ ጎረቤት የለውም። ቡዳ ግን አድራሻ አለው። ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ብረት ቀጥቃጩ ነው፤ ቆዳ ፋቂው ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ሸማኔው ነው። ገበሬው ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳርና ጦር የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው፤ ሚስቱም ምጣድና ጀበና የምትገዛው ከእሱ ሚስት ነው። ልጁን ግን አይድርላቸውም። ሲበላም ከእነሱ ዓይን ይሸሸጋል።

ማነው ቡዳ የሚሆነው ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች መልሱን ዓይን ውስጥ አላገኙትም። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ በጻፈው ጥናት፣ መስመሩ የሚሰመረው መሬት ባለውና መሬት በሌለው የእጅ ባለሙያ መካከል መሆኑን አሳይቷል። ቶም ቦይልስተን ከባሕር ዳር ጥግ ዘጌ ላይ ኖሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከማዕድ ጋር ያያይዘዋል፤ አብሮ መብላት ሰውን ዘመድ በሚያደርግበት አገር፣ ቡዳ የዚያ ግልባጭ ነው፤ ሰውን የሚበላ እንግዳ። ሐጋር ሰሎሞን ደግሞ ቤተ እስራኤላውያንን እስራኤል ከገቡ በኋላ አነጋግራ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ «የጅብ ሰዎች» የሚል ነው። በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የኖረ ሕዝብ ለዘመናት በጎረቤቱ ዓይን ምን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ርእስ የለም።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚጠቀሰው ለኩራት ነው፤ ለምን እንዳስፈለገ ግን ብዙም አይነሣም።

አሁን አስቡት። አንድ ወጣት ከፍኖተ ሰላም በስልኩ ጥሩ ፊልም ይሠራል። ጅቡ ይወጋል፤ ደሙ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይወስዳል፤ መንደርተኛው ችቦ ይዞ ይወጣል፤ ቀጥቃጩ ጭራ አብቅሎ ይሞታል። ሙዚቃው ይከፍታል። ሚሊዮን ሰው ያየዋል። በማግስቱ ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ ገንቦዋን ተሸክማ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ልጆች ያዩዋታል።

«ፊልም ነው እንጂ፣ ማን ያምናል?» የሚል መልስ ይመጣል። ናይጄሪያም ይኸው ተብሎ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. «ኤንድ ኦፍ ዘ ዊክድ» የተባለ ፊልም ወጣ፤ ሕፃናት ሌሊት ከአጋንንት ጋር ተሰብስበው ሰው ሲበሉ ያሳያል። የሕፃናት መብት ተከራካሪዎች ፊልሙ በደቡብ ናይጄሪያ «ጠንቋይ ናችሁ» ተብለው ከቤት ለተጣሉ ልጆች መብዛት አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ሠሪዎቹ ክሱን አልተቀበሉም። አኩዋ ኢቦም ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ሕፃንን ጠንቋይ ብሎ መፈረጅን ወንጀል እስከማድረግ ደረሰ። ፊልሙ ብቻውን ያን ሁሉ አደረገ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ሃይማኖቱም፣ ድህነቱም፣ ሰባኪውም አለበት። ግን እምነቱን ፊልሙ ፊት ሰጠው፤ ልጆች ጋኔን ሲሆኑ በዓይን የታየበት ሥዕል ሆነ።

የጎጃም ፊልም ሠሪ ደግሞ ይህን ነገር ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊረዳው የሚገባበት ምክንያት አለ። መንደሩ ውስጥ ጣት የሚቀሰረው ቀጥቃጩ ላይ ነው። አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ጣቱ ራሱ ላይ ይዞራል። «ጎጃሜ ነህ? አትየኝ!» የሚለውን ቀልድ ያልሰማ የጎጃም ልጅ የለም። ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ ሰሃን ይሸፈንበታል፤ ሁሉም ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። በሦስተኛው ዓመት ግን አይስቅም። የአገር ቤት ጨዋ ልጅ ድልድዩን ሲሻገር ቡዳ ይሆናል ማለት ነው፤ ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው።

ስለዚህ ተረቱ ይጣል? አይጣል። ወግ አጥባቂው «ጋኔን መጥራት ነው» ይላል፤ ዘመናዊ ነኝ ባዩ «ኋላ ቀር እምነት ማስተዋወቅ ነው» ይላል። ሁለቱም ተረቱን ይፈራሉ እንጂ አልተመለከቱትም። መደረግ ያለበት ካሜራውን ሃያ ሜትር ማንቀሳቀስ ነው። ከበረቱ ወደ ጎጆዋ።

ያው ሌሊት ይሁን፣ ያው ጅብ፣ ያው ጦር። ካሜራው ግን ቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ነው። ሰውየው ጭኑ ቆስሏል፤ ቀን ላይ የጋለ ብረት አምልጦት ነው፤ ለማንም አልነገረም። ሌሊት ከሩቅ ጅብ ሲጮኽ፣ ሰው ሲጮኽ ይሰማል። ሚስቱ ቁስሉን ታያለች፤ ከዚያ በሩን ታያለች። የደም ዱካው የማን እንደሆነ አናውቅም። የሚሰማው የብዙ ሰው እርምጃ ነው። የችቦ ብርሃን በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ልጃቸው ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጅብ ይመጣል ብላ ትፈራለች፤ እናትዋ ጅብ አይደለም ማለት ትፈልጋለች፤ ግን አትችልም።

ከዚህ የሚብስ ፍርሃት የለም። ርኅራኄ ለመጨመር ተብሎ የተቀነሰም ነገር የለውም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ፊልም በጅቡ ሞት ያልቃል፣ ይኸኛው አያልቅም። ዛምቢያዊቷ ሩንጋኖ ኒዮኒ በ2017 እ.ኤ.አ. «እኔ ጠንቋይ አይደለሁም» በሚለው ፊልሟ ይህንኑ አድርጋለች፤ ጠንቋይ ተብላ በሪባን የታሰረች ትንሽ ልጅን ተከትላ። በቀጣዩ ዓመት የባፍታ ሽልማት አገኘች። ሥራው ቀልድም ቁጣም ያለበት እንጂ ስብከት አልነበረም።

ስለ ቴክኒኩ አጭር ነገር። ስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ድምፅ ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። አስፈሪ ፊልም ግማሹ በጆሮ ነው። የአማርኛ ፊልም ድምፅ ለረጅም ጊዜ ደካማ ጎኑ ሆኖ ኖሯል፤ የፍቅር ፊልም በደካማ ድምፅ ይታያል፤ አስፈሪ ፊልም ግን በደካማ ድምፅ ኮሜዲ ይሆናል። ገንዘብ ካለ ማይክሮፎን ይገዛበት። ሙዚቃም ቢሆን ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ቫዮሊን አያስፈልግም። ከሩቅ የሚመጣ የሌሊት ማኅሌት፣ መሐሉ ላይ የሚቋረጥ፣ ማንም አቀናባሪ የማይሠራው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሊሸሹት አይቻልም። ዛሬ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሌሊት ባትሪ አብርቶ ሜዳ ላይ የሚወጣ ማነው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ የአየር ጥቃት ደረሰ፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዓለም አቀፍ የዜና ተቋማት ተናገሩ። ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነ ከተማ ናት። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ የሚያዳምጥበት ዘመን ነው። ድሮ «ጅብ መጣ» ተብሎ የሚተኛ ልጅ አሁን የሚፈራው ድምፅ ሌላ ነው። እግሮቹ ሦስት የሆነ ማቆሚያ ትከሻው ላይ አድርጎ በምሽት የሚሄድ ወጣት ደግሞ ለየትኛውም ወገን ጥርጣሬ ነው፤ ፊልም ሠሪ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

በዚህ ጊዜ ስለ ጭራቅ ፊልም ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ፊት ተረት መተረት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ሌሎች አገሮች ከጦርነት በኋላ፣ አንዳንዴም በጦርነቱ ትዝታ መሐል፣ ወደዚህ ዘርፍ የሄዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጃፓን ጎድዚላን የሠራችው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሂሮሺማ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ከባሕር የወጣው አውሬ የኑክሌር ፍንዳታ የቀሰቀሰው ነው። ባባክ አንቫሪ በ2016 እ.ኤ.አ. «ከጥላው ሥር» በሚለው ፊልም ወደ 1988ቷ ቴህራን ይወስደናል። ኢራቅ ሚሳይል ታዘንባለች። አንዱ ጣሪያ ሰብሮ ይገባል፤ አይፈነዳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕንፃው ውስጥ ጅኒ አለ። ጎረቤት አንድ በአንድ ይሸሻል፤ እናትና ልጅ ይቀራሉ። ተመልካቹ ከጅኒውና ከሚሳይሉ የትኛውን እንደሚፈራ አያውቅም፤ እናትየውም አታውቅም። ፊልሙ በአብዛኛው አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ስለዚያ ጦርነት ከብዙ ታላላቅ የጦር ፊልሞች የበለጠ ይናገራል።

ዜና የሞተውን ይቆጥራል። መግለጫ ያወግዛል፣ ሌላው መግለጫ ያስተባብላል። በዚያ መሐል አንድ የቡሬ እናት ሌሊት ስንት ጊዜ ከአልጋዋ እንደምትነሣ፣ ውሻ ሲጮኽ ምን እንደምታስብ፣ በሩ ሲንኳኳ ልጇን የት እንደምትደብቅ ለመናገር የሚችል ዘውግ ካለ አስፈሪ ፊልም ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ አደገኛ የሚሆነው ነገር ያው የጥንቱ ነው፤ ስም መጥራት። «ማን ጠቆመ? ማን አስበላን?» ሲባል አንድ ሰው ስም ይጠራል። ቃሉን አስተውሉ፤ አስበላን። የሚለፈልፈው ሰው ታጥኖ ይሁን ተደብድቦ፣ ስም የተጠራበት ጎረቤት በር ላይ የሚሰማው እርምጃ አንድ ነው።

ለጊዜው ቀረጻ ባይቻል ጽሑፍ ይቻላል። ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ በአንድ ክፍል የሚቀረጽም አለ፤ የአዋላጇ ታሪክ ለዚያ ይሆናል። አያቶችን በስልክ መቅረጽ ደግሞ ማንንም አያስጠረጥርም፤ ወርዝልያን፣ የቀትሩን ጋኔን፣ ጉትቻ ያደረገውን ጅብ በየቀበሌው ልዩነት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ክረምት ከእነሱ የተወሰኑትን ይወስዳል። ሲጠየቁ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርላቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥቃጩ ምን ሆነ? ተረቱ ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ሲታይ ያበቃል። ሰውየው ተገደለ? ተሰደደ? ልጆቹስ?

እዚያው መንደር ቀርቶ ከሆነ ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰኔ ይመጣል፤ ዝናብ ይጥላል፤ ማረሻ ይዶለዱማል። በዚያ ሌሊት ጦሩን የወረወረው ገበሬ ጦሩንም ማረሻውንም ያሠራው ከዚሁ ሰው ነው፤ ሌላ ቀጥቃጭ በአቅራቢያው የለም። ጎሕ ሲቀድ ማረሻውን በጋቢው ሸሽጎ ወደ መንደር ዳር ይሄዳል። ጎጆዋ ደጃፍ ደርሶ ይቆማል። ውስጥ ወናፉ ይነፋል፤ መዶሻ ግን አይሰማም።